ሼሁን ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ስንጠራ፦ የሌላ እምነት መሪ ለመጋበዝ ለምታስቡ

ኮምቦልቻ ያደግሁበት ግቢ አጥሩ አንድ ነበር፤ በአንድ በኩል እኛ ጴንጤዎቹ፣ በሌላ በኩል ሐጂ ከነቤተሰባቸው። ለዒድ ከእነሱ ቤት ዳቦና ማር ይመጣልናል፤ ሥጋው የእስላም ሥጋ ስለሆነ አይላክም፣ በዚህም ማንም አይቀየምም። ለፋሲካ እናቴ ዶሮ ከነነፍሷ ትልክላቸዋለች፣ ሐጂ ራሳቸው ባርከው ያርዷታል።

አሁን የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ከአንድ የአሜሪካ ሉተራን ማኅበረ ምእመናን ሕንፃ ተከራይታ በአማርኛ የምታመልክ ናት። ሃያ ዓመት ያህል በሳምንት ሁለት ጊዜ ስገባባት አንድም ሙስሊም በውስጧ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም ነበር። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ጎጃም፣ ሞጣ ላይ መስጊዶች የተቃጠሉ ሰሞን አንዲት የእድራችን አባል፣ የወሎ ልጅ፣ ደወለችልኝና «እናንተ ቤተ ክርስቲያን ስለ እኛ ምን ይባላል?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ክፉ ይባላል እንዳልላት አይባልም፤ ደግ ይባላል እንዳልላትም አይባልም። ስማቸው ከነጭራሹ አይነሳም ነበር። ከሁለት ወር በኋላ፣ ወረርሽኙ ሁሉን ከመዝጋቱ በፊት፣ የመጀመሪያውን እንግዳ ጠራን። ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ ደግመነዋል። ይህን የምጽፈው እንዲህ ያለ ነገር በልባቸው ይዘው ከየት እንደሚጀምሩ ለጨነቃቸው የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነው።

ከራሳችሁ ሽማግሌዎች ጀምሩ

እንግዳውን ከማናገራችሁ በፊት የራሳችሁን ሰው ጨርሱ። እንግዳ ተጠርቶ ቆይቶ ሽማግሌዎች «አይሆንም» ቢሉ፣ የሚዋረደው የሰው አባት ነው። እኛ ጋ ጉዳዩ ሦስት ስብሰባ ፈጅቷል፤ ሦስት በመፍጀቱም ደስ ይለኛል።

ሁለት ጥቅሶች ይመጡባችኋል፣ ተዘጋጁ። አንደኛው «ከማያምኑ ጋር በማይመች አካሄድ አትጠመዱ» የሚለው ነው፤ ሁለተኛው የዮሐንስ ሁለተኛ መልእክት ላይ ይህን ትምህርት ይዞ የማይመጣውን በቤታችሁ አትቀበሉት የሚለው። ጥቅሶቹን የሚያነሡትን ሰዎች አታቃልሏቸው። እነዚህ ሰዎች መንጋውን ለመጠበቅ ነው የሚጨነቁት። እኔ ያልኳቸው ይህን ነው፦ ሁለተኛ ዮሐንስ ላይ የተነገረው በክርስቶስ ስም መጥቶ ስለሚያስት አስተማሪ ነው። የምንጠራው ሰው ግን ከደጅ ጀምሮ «እኔ ሙስሊም ነኝ» ብሎ ነው የሚገባው። ማንንም አያታልልም። ደግሞም ጴጥሮስ አይሁዳዊ ያልሆነው ቆርኔሌዎስ ቤት እንደ ገባ፣ ጳውሎስም አቴና ላይ አማልክቶቻቸውን ዞሮ አይቶ፣ ሰምቶ፣ ከዚያ እንደ ተናገረ አስታወስኳቸው።

ከሁሉ የበለጠ የረዳኝ ግን የራሳችን አገር ታሪክ ነው። በ615 ገደማ፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ከመካ ተሰደው አክሱም ገብተው ሳለ የመካው ጎሣ ቁረይሾች ዐምር ኢብን አል-ዓስን ስጦታ አስይዘው «መልሱልን» ብለው ላኩ። ንጉሡ ሰዎቹን ሳይሰማ አሳልፎ አልሰጠም። ሙስሊሞች እንደሚተርኩት ጳጳሳቱን ጠርቶ መጻሕፍታቸውን ዘርግተው ዙሪያውን አስቀመጠ፤ ስለ ስደተኞቹ የሚናገረው ጀዕፈርም በፊታቸው ቆሞ ከቁርኣን ስለ ማርያም የሚናገረውን ምዕራፍ ቀራ፤ ንጉሡም ጳጳሳቱም አለቀሱ። በማግስቱ ስለ ኢየሱስ ሲጠየቅ ጀዕፈር አላድበሰበሰም፤ ነቢያቸው ያስተማራቸውን እንዳለ ተናገረ። ስለዚህ ሙስሊም በክርስቲያን አባቶች ፊት ቆሞ ስለ እምነቱ መናገሩ በእኛ አገር ከ1400 ዓመት በላይ ያለው ነገር ነው። ይህን ስነግራቸው እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው የቆዩት አንድ አባት «ንጉሡ ከሰማ እኛ ምን ቤት ነን» አሉ፤ ጉዳዩም በዚያ አለቀ። (ንጉሡ በኋላ ሰልሟል ወይስ አልሰለመም የሚለውን ክርክር ግን በዚህ ዝግጅት ላይ አታንሱት። ሁለቱም ወገን የየራሱን ይዟል፤ ከተነሣ ምሽቱን ይበላዋል።)

በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ ሦስት ነገር በጽሑፍ አጸደቁ። ዝግጅቱ ከአምልኮ ሰዓት ውጭ ይሆናል፤ እንግዳው ስለ ራሱ እምነት ይናገራል፤ ማንም የሌላውን ጸሎት እንዲጸልይ አይጠየቅም። ሦስተኛው ላይ በጥቅምት 1986፣ በፈረንጆች፣ ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛ የየሃይማኖቱን መሪዎች አሲሲ ላይ ሲጠሩ የተያዘው መንገድ ጠቅሞናል፦ ለመጸለይ አብሮ መሆን እንጂ በአንድ ጸሎት መጠቅለል አልነበረም። እኛ ምሽቱን የምንከፍተው በአጭር ዝምታ ነው። እያንዳንዱ በልቡ የሚለውን ይላል።

ማንን እንጥራ?

በወንጌላውያን መካከል «እንግዳ እንጥራ» ሲባል መጀመሪያ የሚነሣው ስም «ድሮ ሙስሊም የነበረ» ወንድም ነው። እኛም ጋ ተነሥቶ ነበር። ያ ምስክርነት ነው፣ የራሱ ቀን አለው። እዚህ የምትፈልጉት ግን ዛሬም በእምነቱ ያለ፣ ሰው የሚከተለው፣ ነገ ጠዋት ሶላት የሚያሰግድ ሰው ነው። በዩቲዩብ በክርክር የታወቀ ሰውም አትጥሩ፤ እንዲህ ያለው ሰው የለመደው ማሸነፍን ነው። እድር ላይ የምታዩትን፣ ቀብር ላይ ቆሞ የሚያጽናናውን ሰው ፈልጉ።

አጠያየቁ ደግሞ እንደ ባህላችን ይሁን። ስልክ መደወል ብቻውን አይበቃም። እኛ ሽማግሌ ላክን፦ ከቤተ ክርስቲያን ሁለት ሰው፣ ከእነሱም በኩል ያቺ የደወለችልኝ እህት ከባለቤቷ ጋር። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ አትሂዱ፤ ሼሁን ሕዝብ ይከባቸዋል፣ ቁም ነገር አይወራም። በአዘቦት ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ቀጠሮ ያዙ። ሼሁን ብቻም አታናግሩ፣ የመስጊዱ ኮሚቴ ይወቅ። ሼሁ በራሳቸው ሥልጣን «እሺ» ቢሉና ኮሚቴው በኋላ ቢሰማ፣ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። የእናንተ ሽማግሌዎች ሦስት ስብሰባ እንደፈለጉ ሁሉ የእነሱም ይፈልጋሉ፤ ቢያንስ ሁለት ወር ስጧቸው።

ሼሁ ወይም (እንግዳው ከአይሁድ ከሆነ) ረቢው እጃቸውን ለሴት ላይዘረጉ ይችላሉ። እኔ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ እላለሁ፣ እሳቸውም እንዲሁ። ይህንንም በር ላይ ለሚቆሙት እህቶች አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ፣ ማንም እጇን ዘርግታ እንዳታፍር።

ርዕስ

ከሁሉ በላይ ያሰብኩበት ይህን ነው። «እስልምና ምንድን ነው?» የሚል ርዕስ ሰፊ ነው፣ ሰውን ያንቀላፋዋል። «ኢየሱስ ማን ነው?» ደግሞ ለመጀመሪያ ቀን አይሆንም። ሰዉ ራሱ በኑሮው የተቸገረበትን ነገር ፈልጉ። እኛ የመረጥነው ለቅሶን ነው። እድራችን ድብልቅ ነው፤ ሙስሊም ሲሞት እንሄዳለን፣ ግን ምን እንደምንል፣ የት እንደምንቆም አናውቅም። ሬሳው በዚያው ቀን መቀበሩ ግራ ያጋባናል፣ ደረት እየመታን ስናለቅስ ዝም ብለው ያዩናል።

ሼሁ 25 ደቂቃ ተናገሩ። ሬሳ እንዴት እንደሚታጠብ፣ ከፈኑ (መግነዙ) ለወንድ በሦስት፣ ለሴት በአምስት ጨርቅ እንደሚሆን፣ የጀናዛ ሶላት ቆሞ ብቻ እንደሚሰገድ፣ ሩኩዕም (ማጎንበስም) ሱጁድም (በግንባር መደፋትም) እንደሌለው ነገሩን። ከዚያ አንዲት እናት «ታዲያ እኛ ምን እንበል?» ብለው ሲጠይቁ፣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ በሉን፤ እኛም ወሎ ተወልደን ነው የመጣነው፣ ይገባናል» አሏቸው። አዳራሹ ውስጥ ብዙ ሰው ዓይኑን ጠረገ። ያን ዕለት ስለ ሥላሴ ቢወራ ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር።

በኋላ የያዝናቸው ርዕሶች ጾም፣ ልጅን በሰው አገር ማሳደግ፣ ዕዳና ወለድ፣ የታመመ መጠየቅ ናቸው። ዕዳና ወለድ ላይ የመጣው ሰው ከሁሉ በለጠ፤ ቤት የሚገዛ ወጣት ሁሉ ጥያቄ ይዞ መጣ።

ደብዳቤው

ጴጥሮስ ቆርኔሌዎስ ቤት እንደ ገባ ስለ ምን እንዳስጠሩት ጠየቀ። ደብዳቤያችሁ እንግዳው ይህን እንዳይጠይቅ የሚያደርግ ይሁን። ዛሬ የምንጠቀምበት እንዲህ ይላል፦

«ለተከበሩ ሼህ፣ አሰላሙ ዓለይኩም። እኛ በአሌክሳንድሪያ የምንገኝ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ነን። ከሙስሊም ወገኖቻችን ጋር በእድር፣ በሥራና በጉርብትና አብረን እየኖርን ስለ እምነታቸው ከራሳቸው አፍ ሰምተን አናውቅም። ስለዚህ ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት በአዳራሻችን ተገኝተው፣ በተነጋገርንበት ርዕስ ለ25 ደቂቃ ያህል እንዲያስተምሩን በአክብሮት እንለምናለን። ከዚያ በኋላ ለግማሽ ሰዓት በጽሑፍ የሚቀርብ ጥያቄ ይኖራል። ዝግጅቱ አምልኮ አይደለም፤ መዝሙርና ስብከት የለውም። እምነትዎን እንዲለውጡ የሚጠይቅዎ ሰው አይኖርም፤ እርስዎም ለእኛ ይህንኑ እንደሚጠብቁልን እናምናለን። የሚቀርበው ምግብ የጾም ብቻ ነው። ለመግሪብ ሶላት ክፍልና ውሃ አዘጋጅተናል። ያለ ፈቃድዎ ድምፅም ምስልም አይቀረጽም።»

የቤተ ክርስቲያኑ አርማና መስቀል ያለበት ወረቀት ላይ ጻፉት። ማንነታችሁን መደበቅ እንግዳውን ያስጠረጥረዋል።

ቦታና ሰዓት

ምስባኩ ላይ አታቁሙት። ይህ ንቀት እንዳይመስል ለእንግዳው በቅድሚያ አስረዱ፦ ምስባክ ለእኛ የወንጌል ስብከት ቦታ ነው፣ እሳቸውም በመስጊድ የሚሰብኩበትን ሚንበር ለእኛ ፓስተር አይሰጡም። እኛ አዳራሹ ወለል ላይ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር እናደርጋለን፣ አንዱ ለእንግዳው፣ አንዱ ለመሪው። በካቶሊኮች ዘንድም በቅዳሴ ላይ ስብከቱ ለካህን ወይም ለዲያቆን ብቻ የተሰጠ ነው፤ ስለዚህ እዚያ የምትኖሩ ከቅዳሴ ውጭ ያለ ሰዓት ፈልጉ። ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ የሆናችሁ ደግሞ ቤተ መቅደሱንና ዓውደ ምሕረቱን አታስቡት፤ የሰንበት ትምህርት ቤቱን አዳራሽ በአስተዳዳሪው ፈቃድ ጠይቁ። ያለ አባቶች ቡራኬ የተጀመረ ነገር በእናንተ ቤት አይሰነብትም።

አንድ ወንድም «መስቀሉን በጨርቅ እንሸፍነው?» ብሎ ነበር። አትሸፍኑ። ከእኛ ብዙም በማይርቀው የዋሽንግተን ብሔራዊ ካቴድራል በኖቬምበር 2014 ሙስሊሞች የጁምዓ ሶላት ሲሰግዱ መስቀል ጎልቶ የማይታይበት ጎን ተመርጦ ምንጣፍ ተነጠፈ፤ ያ ለስግደት ስለነበር ተገቢ ነው። ለንግግር የሚመጣ ሰው ግን ቤተ ክርስቲያን እንደሚገባ ያውቃል። እንግዳችን መስቀሉ ሥር ተቀምጠው ተናገሩ፣ አንድም ቃል አላሉም።

የሶላት ሰዓትን በዚያው ቀን አቆጣጠር እዩ። መግሪብ የሚሰገደው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ በየካቲት እኛ ጋ ፀሐይ የምትጠልቀው ወደ 12 ሰዓት ገደማ ነው፤ ዝግጅቱ ከዚያ በፊት ካላለቀ ሼሁ በመካከል ይነሣሉ። አንድ ንጹሕ ክፍል፣ የታጠበ አንሶላ ወይም ምንጣፍ፣ ለውዱእ (ከሶላት በፊት ለሚታጠቡት) ውሃ ያስፈልጋል። ከዚህ ከአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ ቂብላ፣ ሲሰግዱ የሚዞሩበት የመካ አቅጣጫ፣ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው፤ ብዙ ሰው ቀጥታ ወደ ምሥራቅ ይመስለዋል። እነሱው ራሳቸው ያውቁታል፣ ግን ወንበሮቹን አንሥታችሁ ያን ጎን ነፃ አድርጉ።

ሕንፃው የኪራይ ከሆነ ባለቤቶቹን ቀድማችሁ አሳውቁ። በር ላይም ሁለት ቀልጣፋ አስተናጋጅ ይቁም።

የሚነበበው

እንግዳው ከመጽሐፉ የሚያነብ ከሆነ የትኛውን ክፍል እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። በጃንዋሪ 2017 ግላስጎው ውስጥ በቅድስት ማርያም ካቴድራል፣ የጥምቀት በዓል አምልኮ ላይ፣ አንዲት ሙስሊም ተማሪ ያንኑ ጀዕፈር የቀራውን የመርየምን ምዕራፍ ቀራች። ንባቡ እግዚአብሔር ልጅ አይዝም እስከሚለው አንቀጽ ሄደ። ከዚያ በኋላ የመጣው ቁጣና ስድብ እንዲህ በቀላሉ የሚረሳ አይደለም። ልጅቱ የተጠየቀችውን ነው ያደረገችው። ጀዕፈርም ልዩነቱን አልደበቀም፣ እንግዳችሁም እንዲደብቅ አትጠብቁ፤ ግን ምእመኑ የሚሰማውን አስቀድሞ ይወቅ፣ ከጌታ ማዕድ ጋርም አይደባለቅበት። እኛ ሁልጊዜ መሪው ቆሞ «አሁን የምንሰማው ሙስሊሞች የሚያምኑትን ነው፤ የምንለያይበት ነገርም አለ፤ ለማወቅ ነው የተቀመጥነው» ይላል። ሼሁ «ቢስሚላሂ» ብለው ሲጀምሩም ሰው እንዳይደነግጥ ይነገረዋል።

ቃል ምረጡ። ከላይ «የእስላም ሥጋ» ያልኩትን ከልጅነቴ እንደለመድኩት ጽፌዋለሁ፤ ሰውን ሲጠሩ ግን «ሙስሊም» ነው፣ እምነቱ «እስልምና»። የአገራችንን አይሁድ «ፈላሻ» ማለትንም ተዉት፤ ቤተ እስራኤል በሉ።

ምግቡ

የእናቴ ጥበብ እዚህ ላይ ይረዳል። ሥጋ አትሥሩ። ሐላል ሥጋ ገዝታችሁ ብትሠሩ ከእናንተ ወገን የማይበላ አለ፣ የክርስቲያን ሥጋ ብትሠሩ እንግዳው አይበላም። በያይነቱ ሁሉንም ይፈታል፦ ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ሱፍ ፍትፍት። የሚጾም ኦርቶዶክስ ዘመድ ቢመጣም ይበላል። የመጀመሪያ ቀን አንዲት ደግ እህት ማንንም ሳትጠይቅ ዶሮ ወጥ ይዛ መጣች። እንግዶቹ ሁሉንም ድስት በጥርጣሬ አዩና ውሃ ብቻ ጠጡ። ጭልፋው ተቀላቅሎ እንደሆነ በምን ያውቃሉ? ከዚያ ወዲህ ማን ምን እንደሚያመጣ በዝርዝር እንጽፋለን፣ ወጥ ቤቱን አንዲት ሴት ትይዘዋለች። ቡና ይፈላል፤ ቡናው ላይ የሚወራው ከንግግሩ ይበልጣል፣ ስለዚህ ሙሉ ሰዓት ስጡት።

ጥያቄ

ልቤን የሚያመኝ ይህ ነው። በመጀመሪያው ምሽት ማይክራፎን በአዳራሹ አዞርን። አንድ ሽማግሌያችን ተነሥተው ጠየቁ ብንል ውሸት ይሆናል፤ አሥር ደቂቃ ሰበኩ፣ ከዚያ ሼሁን «ዛሬ ቢሞቱ የት ይሄዳሉ?» አሏቸው። ሼሁ ዝቅ ብለው ጠረጴዛውን አዩ። መድረኩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፣ ማቆም ነበረብኝ፣ አባት ስለሆኑ አፈርኩና አላቆምኩም። ሼሁ በመጨረሻ «አላህ ያውቃል፤ ምሕረቱን እለምናለሁ» አሉና ተቀመጡ። በማግስቱ ከሽማግሌዎች አንዱን ይዤ ይቅርታ ልንጠይቅ ሄድን።

አሁን ጥያቄ በወረቀት ብቻ ነው። በር ላይ ካርድና እስክሪብቶ ይታደላል፣ ሁለት ሰዎች ይመርጣሉ፣ መሪው ያነብባል። መሪው ዕድሜው የማያሳፍረው፣ «አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሰዓት አልቋል» ማለት የሚችል ሰው ይሁን። ከባድ ጥያቄም ይጠየቅ፣ ስለ ሃይማኖት መለወጥ፣ ስለ ሴቶች፣ ስለ ሞጣም ቢሆን። ነገር ግን በጥያቄ መልክ ይምጣ።

ካሜራ

ቀጥታ ሥርጭት አታድርጉ። ከሰላሳ ደቂቃ ንግግር ሰላሳ ሰከንድ ተቆርጦ ቲክቶክ ላይ ቢወጣ፣ ሼሁ በራሳቸው መስጊድ ይጠየቁበታል፣ ፓስተራችሁም በእናንተ ቤት። እንግዳው ቢፈቅድ ቅጂውን መጀመሪያ ለእሳቸው ስጡ፣ ካዩት በኋላ «ይውጣ» ካሉ ይውጣ። ስልክ በኪስ እንዲሆን መሪው በመክፈቻው ይለምናል፤ እስካሁን ሰው እሺ ብሎናል።

ረቢ ሲሆን

ቅዳሜ ሰንበታቸው ስለሆነ ጨልሞ ከዋክብት እስኪታዩ አይሆንም፤ እሑድ ከሰዓት ጥሩ ነው። ሃይማኖታቸውን የሚያጠብቁ ረቢዎች ብዙዎቹ ወደ አምልኮው አዳራሽ አይገቡም፤ ሌላ ክፍል ካላችሁ ጠይቋቸው። በያይነቱም ለኮሸር (ለአይሁድ የምግብ ሕግ) አይበቃም፣ ድስቱ የእኛ ነውና፤ የታሸገ የኮሸር ምግብና አዲስ የወረቀት ሳህን ግዙ። አንድ ነገር ደግሞ ማንም አይነግራችሁም፦ «ያህዌ» የሚለውን ስም አይሁድ በአፋቸው አይጠሩትም። በመዝሙሮቻችን ውስጥ ግን ሞልቷል። በዚያ ቀን ከመግቢያ ሙዚቃውም ከንባቡም አውጡት፤ «እግዚአብሔር» የሚለው ይበቃል።

ካለቀ በኋላ

ፖስታ ቢሰጣቸው የማይቀበሉ አሉ፣ አታስገድዱ። እኛ ጋቢና አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና እንሰጣለን። መጽሐፍ ቅዱስ በሕዝብ ፊት አትስጡ፤ እንግዳው ቢቀበልም ባይቀበልም ይቸገራል። በማግስቱ ደውላችሁ አመስግኑ፣ ዒዳቸውንም በቀን መቁጠሪያችሁ ላይ ጻፉ።

ሲጠሯችሁም ሂዱ። እኛን ለኢፍጣር የጠሩን ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ሴቶች ሻሽ ያዙ፣ ጫማ በር ላይ ይወልቃል፣ ቴምሩ ሳይቀመስ ወደ ምግቡ አይኬድም። ስምንት ሆነን ሄድን። ያን ጥያቄ የጠየቁት ሽማግሌያችን ሳይጠሩ መጡና ከሼሁ አጠገብ ተቀመጡ። የተነጋገሩትን አልሰማሁም፤ ሼሁ ግን ከራሳቸው ሳህን ቴምር አንሥተው ሲያጎርሷቸው አይቻለሁ።